በግራ እግሩ የጻፈው ሰው በሕፃናት ክሊኒክ

ሴሬብራል ፓልሲ፣ የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ የነርቭ ሕመም ያለበት ልጅ እያሳደጉ ከሆነ፣ አንድ ቀን የሕፃናት ሐኪሙ ልጅዎ ስላደገ ወደ አዋቂዎች ክፍል ይሂድ ማለታቸው አይቀርም። ያ ቀን ሳይደርስ የአየርላንዳዊውን ደራሲና ሠዓሊ የክሪስቲ ብራውንን ሕይወት ቢያውቁ ይጠቅምዎታል።

ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1932 ደብሊን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ግንበኛ ነበሩ። እናቱ ከወለዷቸው 22 ልጆች በሕይወት ያደጉት 13 ናቸው። ክሪስቲ ሴሬብራል ፓልሲ ስለነበረበት እጆቹ አይታዘዙለትም፣ ንግግሩም አይሰማም ነበር። ሐኪሞች አእምሮውም የተጎዳ መስሏቸው ተስፋ የለውም አሉ፤ እናቱ ግን አልተቀበሉም። አምስት ዓመት ሲሆነው የእህቱን ጠመኔ በግራ እግሩ ጣቶች ነጠቀ፤ እናቱ የጻፉለትን የመጀመሪያ ፊደልም አስመስሎ ጻፈ።

ስለ እሱ የተሠራውን የ1989 ፊልም ያዩ ብዙዎች የሚያስታውሱት ይህንን ጠመኔ ነው። እኛን የበለጠ የሚያሳስበን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ልጅ ሳለ ወንድሞቹ በጋሪ እየገፉ ከሠፈር ልጆች ጋር ያጫውቱት ነበር። እያደገ ሲሄድ ግን ጨዋታው ቀረ፤ ልጁም ከቤት እየዋለ ሥዕል ብቻ ይሥል ጀመር። የሚከታተለው ሐኪም አልነበረውም። አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ዶክተር ሮበርት ኮሊስ ቤቱ ድረስ መጡ። ዶክተሩ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ፤ ክሊኒካቸውም የሕፃናት ነው። ወጣቱ በክሊኒኩ የታከመው ገና በታቀፉ ሕፃናት መካከል ሆኖ ነው፤ ዕድሜውን የሚመጥን ሌላ ቦታ አልነበረም።

በለንደን ያዩት ባለሙያ ደግሞ የግራ እግሩን መጠቀም እንዲያቆም መከሩት፤ እሱን ሲጠቀም ቀሪው አካሉ ይወጣጠራል በሚል። እስቲ አስቡት፣ ያለው መናገሪያ እሱ ብቻ ነው! ቢሆንም ለራሱ አስቦ ተስማማ፤ የሕይወት ታሪኩንም በቃሉ እየነገረ አስጻፈ። መጽሐፉ በ1954 ታተመ። በኋላ ግን ወደ ግራ እግሩ ተመለሰ። በ1970 ታዋቂ ልብ ወለድ አወጣ፣ በ1972 አገባ። በ1981 እራት ላይ ምግብ አንቆት በ49 ዓመቱ አረፈ።

ሴሬብራል ፓልሲ የአእምሮ ጉዳቱ ራሱ የማይባባስ ሕመም ነው። ሰውነት ግን ይለወጣል፤ ጡንቻ ይደርቃል፣ መገጣጠሚያ ያማል፣ መዋጥም ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ ልጁ አድጓል ተብሎ ክትትሉ መቋረጥ የለበትም።

ዝግጅቱን ከ12 ወይም ከ13 ዓመት ጀምሩ። ልጁ የሕመሙን ስም፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ራሱ ይወቅ። መናገር የሚያቅተው ከሆነ በምልክት ወይም በሥዕል እንዲመልስ ጊዜ ይሰጠው፤ እናት ሁልጊዜ ቀድማ ስትመልስለት ሐኪሙም ልጁን ማየት ይተዋል። ከሕፃናት ሐኪሙ ማጠቃለያ ደብዳቤ ጠይቁ፤ የተደረጉ ቀዶ ሕክምናዎች፣ የተሞከሩና ያልተስማሙ መድኃኒቶች ይጻፉበት። ቅጂውን ቤት አስቀምጡ። ከተቻለ የመጨረሻው ቀጠሮ ሳይዘጋ የአዋቂዎቹን ሐኪም አንድ ጊዜ አግኙ። የመድኃኒት ክፍተት እንዳይፈጠር ግን በተለይ ተጠንቀቁ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ አደገኛ በሆነ መንገድ ሊመለስ ይችላል።

ሶዲየም ቫልፕሮኤት የምትወስድ ልጃገረድ ካለች ለብቻው መነጋገር ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ይጎዳል። በራሷ ግን አታቋርጠው፤ ሐኪሟን ታማክር።

ልጅዎ ሲበላ የሚያስለው፣ ትን የሚለው ወይም ምግብ ላይ በጣም የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ለአዲሱ ሐኪም በመጀመሪያው ቀን ይንገሩ። እስከዚያ ቀጥ አድርገው አስቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሳያጣድፉ ያብሉት፤ ሲበላም ብቻውን አይተዉት።