ከሄልዋን እስከ ፕሪቶሪያ፦ የሥነ ፈለክ ሊቁ ሃሮልድ ኖክስ-ሾ

ሃሮልድ ኖክስ-ሾ እ.ኤ.አ በ1885 በእንግሊዝ አገር ተወለዱ፡፡ በ1908 ወደ ግብፅ መጥተው ከካይሮ በስተ ደቡብ በሚገኘው የሄልዋን የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ሥራ ጀመሩ፡፡ ጣቢያው እንግሊዛዊው ጆን ሬይኖልድስ የለገሱት፣ የመስተዋቱ ስፋት 76 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ነበረው፡፡ ሄልዋን ከአውሮፓ ጣቢያዎች ይልቅ ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ፣ እነርሱ የማያዩትን የደቡብ ሰማይ ክፍል ታሳይ ነበር፡፡

ኦገስት 24 ቀን 1909 ኖክስ-ሾ የሃሌይን ጅራታም ኮከብ ፍለጋ ሰማዩን ፎቶግራፍ አነሡ፡፡ የኮከቡን መመለስ ያበሠሩት ግን በሴፕቴምበር ወር ጀርመናዊው ማክስ ቮልፍ ናቸው፡፡ ከዚያ በኋላ የሄልዋኑ ፎቶግራፍ እንደገና ሲመረመር፣ ደብዛዛው ነጥብ አስቀድሞ በላዩ ሰፍሮ ተገኘ፡፡

ከ1913 እስከ 1924 ጣቢያውን የመሩት ኖክስ-ሾ ኔቡላዎችን በትዕግሥት ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር፡፡ በዘመኑ ጠመዝማዛዎቹ ኔቡላዎች በእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያሉ ይሁኑ ወይስ ራሳቸውን የቻሉ ጋላክሲዎች ገና አከራካሪ ነበር፡፡

በ1924 የኦክስፎርዱን ራድክሊፍ ጣቢያ ለመምራት ተሾሙ፡፡ የእንግሊዝ ሰማይ ደመናማ በመሆኑ፣ ጣቢያው ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ፕሪቶሪያ እንዲዛወር ተሟገቱ፤ ጉዳዩም እስከ ፍርድ ቤት ደርሶ ተፈቀደ፡፡ ይሁንና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት የ188 ሴንቲ ሜትሩ መስተዋት የደረሰው በ1948 ነበር፡፡ እርሳቸውም በ1950 ጡረታ ወጡ፡፡

ፍሬው የታየው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ የፕሪቶሪያ ተመራማሪዎች በጎረቤቶቻችን በማጄላን ጋላክሲዎች በሚገኙ ጥንታውያን የከዋክብት ዘለላዎች ውስጥ፣ ብርሃናቸው በየሰዓታቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከዋክብትን አገኙ፡፡ የእነዚህ ከዋክብት እውነተኛ ድምቀት ስለሚታወቅ ርቀትን ለመለካት ያገለግላሉ፡፡ ከተጠበቀው ይልቅ ደብዝዘው መታየታቸውም ጋላክሲዎቹ ይበልጥ ሩቅ መሆናቸውን አመለከተ፡፡ ዋልተር ባዴም በቅርባችን ያለውን ጠመዝማዛ ጋላክሲ አንድሮሜዳን አጥንተው ከዚሁ ድምዳሜ ደርሰው ነበር፡፡ በ1952 ሮም ላይ ሁለቱ ውጤቶች ሲቀርቡ፣ የጋላክሲዎች ርቀት እጥፍ ያህል እንዲሆን ተደረገ፡፡

የከተማ ብርሃንና የፋብሪካ ጭስ ሄልዋንን ሲጋርዱ፣ ግብፅ በካይሮና በስዊዝ መካከል ባለው በረሃ የኮታሚያን ጣቢያ በ1964 ሥራ አስጀመረች፤ የመስተዋቱም ስፋት እንደ ፕሪቶሪያው 188 ሴንቲ ሜትር ነው፡፡ ኖክስ-ሾ በ1970 በደቡብ አፍሪካ አረፉ፡፡