ሙናን የጻፈልን ባለቅኔ

ዛሬ የምናነሣው የኔፓሉን ባለቅኔ ላክስሚ ፕራሳድ ዴቭኮታን ነው። አገሩ ሩቅ ነው፤ የጻፈው ነገር ግን ለብዙዎቻችን ቤት ቅርብ ነው።

ዴቭኮታ እ.ኤ.አ. በ1909 ካትማንዱ ውስጥ ተወለደ። ሌሊቱ የሀብት አምላክ የምትባለው ላክስሚ የምትከበርበት ስለነበር በስሟ ተጠራ። ሀብት ግን ዕድሜውን ሙሉ ሸሸው። ቤተሰቡን ያስተዳደረው የሰው ልጆች እያስጠና ነበር። በ1939 አእምሮው ታውኳል ተብሎ ህንድ አገር፣ ራንቺ በሚገኝ ሆስፒታል ለወራት ተኛ። እብድ መባሉንም በኋላ ግጥም አደረገው።

በዘመኑ የተማሩት የሚገጥሙት በሳንስክሪት ስልት ነበር። ዝያውሬ የሚባለው የገበሬዎች ዜማ ይናቅ ነበር። ዴቭኮታ በ1936 የወጣውን «ሙና ማዳን» የጻፈው በዚሁ በተናቀ ዜማ ነው። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም ሰምተው በቃላቸው ያዙት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ማዳን ዕዳ ከፍሎ እናቱን ለመጦር ወደ ላሳ ሊሄድ ይነሣል። ሚስቱ ሙና ድህነቱን አብረን እንቻለው ብላ ትለምነዋለች፤ እሱ ግን ይሄዳል። ሲመለስ መንገድ ላይ ይታመማል፤ ጓደኞቹም ጥለውት ይሄዳሉ። የሚያድነው ወገኖቹ ዝቅ አድርገው የሚያዩት አንድ የቲቤት ሰው ነው። ማዳንም የሰው ክብር በልቡ እንጂ በዘሩ እንዳልሆነ ያኔ ይገባዋል። ሙና ግን ሞቷል የሚል የሐሰት ደብዳቤ ደርሷት በሐዘን ትሞታለች። ወርቁ ቤት ሲገባ ሙና የለችም።

ዴቭኮታ ከዚያ በኋላ ብዙ ጻፈ። በ1945 የወጣው «ሻኩንታል» በኔፓልኛ የመጀመሪያው ታላቅ ድርሳነ ግጥም ይባላል። የራና መሳፍንትን አገዛዝ ተቃውሞ ወደ ባናራስ ተሰደደ፤ በ1957ም ለጥቂት ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። በ1959 በካንሰር ሲሞት ገና 49 ዓመቱ ነበር። ሌላው ሥራዬ ቢቃጠል እንኳ «ሙና ማዳን» ይቅርልኝ ብሎ ነበር ይባላል።

እህቶች፣ ዛሬም ከኔፓልም ከእኛም አገር ብዙዎች ለእንጀራ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። መሄድ ነውር አይደለም፤ ዕዳም ዝም ብሎ አይከፈልም። ነገር ግን ከቤታችን ሰው ለመሄድ ሲነሣ፣ የሚመጣውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቤት የምትቀረውንም ቃል እንስማ። ከሩቅ ክፉ ወሬ ሲመጣም ሳናጣራ አንመን፤ ወሬው የደረሳትንም ብቻዋን አንተዋት። ሙና ጎረቤት አጥታ ሳይሆን አይቀርም የሞተችው።