ለተጠራጣሪዎቻቸው በር የከፈቱት ሊቅ

ፀሐይ የምታበራው በማዕከሏ የሃይድሮጅን ኒውክለሶች እየተዋሐዱ ኃይል ስለሚያወጡ ነው። ይህን በምድር ላይ ለመድገም የተነሡ ሳይንቲስቶች ግን አንድ ጥያቄ ፈተናቸው፤ ሚሊዮኖች ዲግሪ የጋለ ጋዝ በምን ዕቃ ይያዛል? ለዚህ ጥያቄ ዕድሜያቸውን ከሰጡት መካከል ሶቪየታዊው የፊዚክስ ሊቅ ሌቭ አርትሲሞቪች ይገኙበታል።

አርትሲሞቪች እ.ኤ.አ. በ1909 በሞስኮ ተወለዱ። በሚንስክ ተምረው፣ በሌኒንግራድ ምርምር ጀምረው፣ ከ1951 አንሥቶ በሞስኮ የውህደት ሙከራዎችን መሩ።

እንዲህ የጋለ ጋዝ ፕላዝማ ይባላል። ግድግዳ ከነካ ወዲያው ይበርዳል። አንድሬ ሳካሮቭና ኢጎር ታም ያፈለቁት ዘዴ ፕላዝማውን ቀለበት በሚመስል ጓዳ ውስጥ በማግኔት ኃይል ግድግዳ ሳይነካ ማዞር ነበር። በፕላዝማው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረትም የማግኔቱን መስመሮች እንደ ገመድ ይገምዳቸዋል፤ ካልተገመዱ ፕላዝማው ወደ ጎን ያመልጣል። መሣሪያው ቶካማክ ተባለ።

ሊቁ ለማመን የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። በ1952 በሌላ ዓይነት ሙከራ ኒውትሮኖች በታዩ ጊዜ ውህደት ተሳካ ብሎ ማወጅ ያጓጓ ነበር። ቡድናቸው ግን መርምሮ፣ ኒውትሮኖቹ ከሙቀት ሳይሆን በፕላዝማው መናወጥ ከተወረወሩ ጥቂት ቅንጣቶች የመጡ መሆናቸውን ደረሰበት።

በ1960ዎቹ የዘርፉ ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ነበር ማለት ይቻላል። በአሜሪካ ፕሪንስተን የነበረው ትልቁ መሣሪያ እንደሚያፈስ እንስራ ነበርና ፕላዝማው በፍጥነት ያመልጠው ነበር። በነሐሴ 1968 በኖቮሲቢርስክ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ አርትሲሞቪች ቲ-3 የተባለው ቶካማክ ኤሌክትሮኖችን አሥር ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ እንዳጋለ፣ ፕላዝማውንም ከሌሎቹ እጅግ አብልጦ እንደያዘ ገለጹ። ቆይታው በሰከንድ ሺህኛ የሚቆጠር ነው፤ በዚህ ሙያ ግን ብዙ ነው።

ምዕራባውያኑ ተጠራጠሩ። የሶቪየቶቹ ልኬት ቀጥተኛ ስላልነበር ጥቂት ፈጣን ኤሌክትሮኖች አሳስተውት ይሆናል የሚል ሥጋት ነበር። አርትሲሞቪች ክርክር አላበዙም፤ በሌዘር የመለካት ጥበብ የነበራቸውን የእንግሊዝ የከልሃም ላቦራቶሪ ሰዎች መጥተው ራሳቸው እንዲለኩ ጋበዙ። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ነበር፤ የቤት ገበናን ለባላንጣ እንደማሳየት ያለ ድፍረት ነው። ልኬቱ ቢከሽፍ የብዙ ዓመት ልፋታቸው በዓለም ፊት ይዋረድ ነበር።

እንግሊዛውያኑ መሣሪያቸውን ጭነው ሞስኮ ገቡ። ሌዘሩን በፕላዝማው ውስጥ አሳልፈው፣ ኤሌክትሮኖቹ የበተኑትን ብርሃን መርምረው፣ ሙቀቱ እውነት መሆኑን በ1969 አሳወቁ። ፕሪንስተን ብዙም ሳይቆይ ዋና መሣሪያውን ወደ ቶካማክ ለወጠ፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ።

አርትሲሞቪች በ1973 በ64 ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ በደቡብ ፈረንሳይ በብዙ አገሮች ትብብር እየተገነባ ያለው ግዙፍ የውህደት መሣሪያም ቶካማክ ነው።