በዝቅተኛ ማርክ ያለፈው የኖቤል ተሸላሚ

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ጊዜ አልሆነንም፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ማርክ የሚያመጣውን ሐዘን አልረሳነውም። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ታሪክም በማርኩ ያዘነ፣ ዳሩ ግን ተስፋ ያልቈረጠ የአንድ ሊቅ ታሪክ ነው።

ሊቁ ስቫንቴ አሬኒዩስ ይባላል። የተወለደው በስዊድን አገር፣ በኡፕሳላ ከተማ አጠገብ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ መሬት ቀያሽ ነበር። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በትምህርቱ አካሄድ ስላልረካ፣ በ1881 ወደ ስቶክሆልም ሄዶ በፕሮፌሰር ኤድሉንድ ሥር ምርምር ጀመረ።

የያዘውም ጥያቄ ይህ ነበር። ንጹሕ ውሃ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያሳልፍም፤ ደረቅ ጨውም እንዲሁ ነው፤ ጨው በውሃ ሲሟሟ ግን ኤሌክትሪክ በደኅና ያልፋል። ይህ ስለምን ይሆናል? አሬኒዩስ በኋላ እንደ አስረዳው፣ ጨው በውሃ ሲሟሟ አዮን ወደሚባሉ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ወደያዙ ረቂቃን ክፍሎች ይለያያል፤ የሚለያየውም ኤሌክትሪክ ስለ ገባበት ሳይሆን በመሟሟቱ ብቻ ነው።

የዚህን ሐሳብ መነሻ የያዘ 150 ገጽ ጽሑፍ በ1884 ለዶክቶርነት ማዕርግ ለኡፕሳላ አቀረበ። መምህራኑ ግን ነገሩን ሊቀበሉት አልቻሉም፤ የሰጡትም ማርክ ለማለፍ ያህል ብቻ ነበር። በእንዲህ ያለ ማርክ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለመሆን ተስፋ ማድረግ አስቸጋሪ ነበር።

አሬኒዩስ ግን ተቀምጦ አላለቀሰም። ጽሑፉን በውጭ አገር ላሉ ታላላቅ ሊቃውንት ላከ። ከእነርሱም አንዱ፣ የሪጋው ፕሮፌሰር ኦስትቫልድ፣ በዚያው ዓመት ራሱ ወደ ኡፕሳላ መጥቶ ጐበኘው፤ ሥራም ሊሰጠው ፈለገ። ያን ጊዜ ኡፕሳላም በመምህርነት ተቀበለው። በ1887 ሐሳቡን አምልቶ አሳተመ፤ በ1895 በስቶክሆልም ፕሮፌሰር ሆነ። በ1903 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ከስዊድናውያን የመጀመሪያው ተሸላሚ ነበር። በተማሪነቱ ጊዜ ሐሳቡን ከቁም ነገር ያልቈጠረው የኡፕሳላው ፕሮፌሰር ክሌቭ፣ ያን ጊዜ የኬሚስትሪው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ሽልማቱን ደገፈ።

ምርምሩ በዚህ አልተወሰነም። በ1896 በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን ጋዝ እጥፍ ቢሆን ምድር በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ያህል እንደምትሞቅ አስልቶ ነበር። ሊቅነቱ ግን ከስሕተት አላዳነውም፤ በ1909 የተመሠረተው የስዊድን የዘር ንጽሕና ማኅበር ደጋፊ ነበርና፣ ይህን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በ1927 በስቶክሆልም አረፈ።

አዮን ግን በብርጭቆ ውሃ ብቻ አልቀረም። ልባችን የሚመታው፣ ነርቮቻችንም መልእክት የሚያስተላልፉት፣ አዮኖች በሴሎቻችን ሽፋን ላይ ባሉ ጠባብ በሮች ሲገቡና ሲወጡ ነው። የፖታሲየምን በር ቅርጽ ያሳየው አሜሪካዊው ሮደሪክ ማኪነን በ2003 ያንኑ ሽልማት አገኘ፤ ይኸውም ከአሬኒዩስ ልክ 100 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ተማሪ የሆንን፣ ማርካችን ዝቅ ቢል ሥራችንን ይዘን ሌላ በር እናንኳኳ። ሹመት ያገኘን ደግሞ፣ የአንድ ወጣት ጽሑፍ በጠረጴዛችን ላይ ሲቀርብ፣ ያልገባንን ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት ደግመን እናንብበው።