ሾፓን በማዮርካ፦ ኪራዩ ርካሽ፣ ጉምሩኩ ውድ

ማዮርካን አብዛኞቻችን ያወቅናት በላሊጋ በኩል ነው። ከኳሱ ውጪ ግን ስፔን በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ካሏት ደሴቶች ትልቋ ናት፤ በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለእረፍት የወጣ አውሮፓዊ ይጎርፍባታል። ዛሬ እዚያ ለመሄድ ያሰበ ሰው ስልኩን አውጥቶ የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉንና የምግቡን ዋጋ ደምሮ በአሥር ደቂቃ በጀቱን ይጨርሳል። በ1838 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ግን ዋና ከተማዋ ፓልማ ውስጥ ለእንግዳ የሚሆን ደህና ማደሪያ እንኳ አልነበረም። በዚያ ዓመት ኖቬምበር 8 ቀን አንድ የ28 ዓመት ቀጭን ሙዚቀኛ እዚያ ወደብ ላይ ከመርከብ ወረደ። ፍሬዴሪክ ሾፓን ነበር።

ሾፓን የተወለደው በ1810 ዋርሶ አጠገብ ባለች መንደር ነው። አባቱ ፈረንሳይኛ የሚያስተምር ፈረንሳዊ፣ እናቱ ፖላንዳዊት። በልጅነቱ ጀምሮ ፒያኖ ላይ ጉድ የተባለለት ልጅ ነበር። በ20 ዓመቱ ከአገሩ ወጣ፤ እሱ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ፖላንዶች በሩሲያ ላይ አመፁ፣ አመፁም ተደመሰሰ። ከዚያ በኋላ ዋርሶን ዳግመኛ አላያትም። ኑሮው ፓሪስ ሆነ።

ፓሪስ ላይ ከብዙ ሕዝብ ፊት መጫወት አይወድም ነበር። በዕድሜው ሙሉ የሰጠው የአደባባይ ኮንሰርት 30 ገደማ ቢሆን ነው። ታዲያ በምን ይኖር ነበር? በማስተማር። የባላባትና የባለሀብት ልጆች ለአንድ ትምህርት 20 ፍራንክ ይከፍሉት ነበር፤ ለጊዜው ትልቅ ገንዘብ ነው። የጻፋቸውንም ሙዚቃዎች ለአሳታሚ ይሸጣል። ወጪውም የዚያኑ ያህል ነበር፦ የግል ሠረገላ፣ በልኩ የተሰፋ ልብስ፣ ነጭ ጓንት። ገንዘብ እጁ ላይ አይቆይም። ደግሞ ያላስተማረበት ቀን ገቢው ዜሮ ነው። በራሱ ሥራ የሚያድር ሰው ይህን ሒሳብ ያውቀዋል።

በዚያው ዓመት ከጆርጅ ሳንድ ጋር ፍቅር ጀመረ። ስሙ የወንድ ይምሰል እንጂ ሴት ናት። በፈረንሳይ ስመ ጥር ደራሲ፣ የወንድ ሱሪ የምትለብስ፣ ሲጋር የምታጨስ፣ ከእሱ በ6 ዓመት የምትበልጥ፣ ከባሏ የተለያየች የሁለት ልጆች እናት። ልጇ ሞሪስ ቁርጥማት አሞት ነበር። ሾፓንም ሳሉ አልለቅ ብሎታል። ሞቃት አገር ብንከርምስ ተባለ። የፓሪስ ሐሜትም ሳይገፋፋቸው አልቀረም። ስፔናዊ ወዳጆች ደግሞ ማዮርካ አየሩ ለስላሳ፣ ኑሮው ርካሽ ነው ብለው አወሩላቸው።

በጀቱ እንዲህ ነበር የተያዘው። ሾፓን ፕሪሉድ የሚባሉ 24 አጫጭር የፒያኖ ሥራዎች ጀምሯል፤ አላለቁም። ያላለቀውን ሥራ ለፒያኖ ሠሪውና አሳታሚው ለካሚ ፕሌየል በ2,000 ፍራንክ ሸጠ፤ 500ውን በቅድሚያ ተቀበለ። 1,000 ፍራንክ ደግሞ ከአንድ የባንክ ሰው ተበደረ። ልብ በሉ፦ ገና ካልተጻፈ ሙዚቃ በሚመጣ ገንዘብና በብድር ነው የተነሣው። የቀረውን ሳንድ በብዕሯ ልትሸፍን። ወረቀት ላይ ሲታይ ግን ሒሳቡ አይከፋም፤ ርካሽ ደሴት ላይ ለአንድ ክረምት ይበቃል።

ሳንድ ከልጆቿና ከአንዲት ሠራተኛ ጋር ቀድማ ተነሣች። ሾፓን አራት ሌሊት በፖስታ ሠረገላ ተጉዞ ፈረንሳይ ደቡብ ፐርፒኛ ላይ ደረሰባቸው። ከዚያ በመርከብ ባርሴሎና፣ ከባርሴሎና ደግሞ በእንፋሎት በምትሄደው ኤል ማዮርኪን ፓልማ ገቡ። ስፔን ያኔ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች፤ ከዋናው ምድር የሸሸ ሁሉ ፓልማን ሞልቷታል። አምስቱ እንግዶች በርሜል የሚቀጠቀጥበት ሠፈር ሁለት ክፍል አግኝተው ማረፍ ግድ ሆነባቸው።

ቀጥሎ ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ተከራዩ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ዘንባባውና ብርቱካኑ ዓይን የሚማርክ፣ ሾፓንም ደስተኛ ነበር። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ቤቱ ለበጋ የተሠራ ነው፤ እሳት የሚነድበት ምድጃ የለውም። ክፍሉን ለማሞቅ ከሰል ሲያነዱ ጭሱ ሳሉን ያብሰዋል። ሦስት ሐኪሞች መጥተው አዩት። ወሬው ከሐኪሞቹ ወደ መንደሩ ወጣ፦ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ።

የሒሳብ መዝገቡ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። በስፔን የሳንባ ነቀርሳ እንደሚተላለፍ ይታመን ነበር፣ ሕጉም ጥብቅ ነው። አከራዩ ልቀቁልኝ አለ። መልቀቅ ብቻም አይደለም፤ ቤቱ እንደ ገና ኖራ የሚቀባበትን፣ ሾፓን የተኛበትም አልጋ የሚቃጠልበትን ክፈሉ ተባሉ። ሳንድ በኋላ ስለዚህ ጉዞ በጻፈችው መጽሐፍ በደሴቲቱ ሰዎች ላይ አንድ በአንድ ተበቅላለች፤ ስግብግቦች፣ ኋላ ቀሮች አድርጋ ነው የሣለቻቸው። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ አልፈርድባቸውም። በሽታው አይተላለፍም ይሉ የነበሩት የፓሪስ ሐኪሞች ናቸው የተሳሳቱት፤ በ1882 ሮበርት ኮክ ተህዋሲውን ሲያገኝ እውነቱ ከመንደርተኞቹ ጋር ሆኖ ተገኘ።

መጠለያ ያገኙት ቫልዴሞሳ በሚባል ተራራማ መንደር፣ ባዶ ገዳም ውስጥ ነው። መንግሥት በ1835 ገዳማቱን ሲዘጋ መነኮሳቱ ተበትነው ነበር። ሦስት ክፍልና ብርቱካንና ሎሚ የሞላበት ትንሽ አትክልት ቦታ ያለው የመነኩሴ በዓት በዓመት 35 ፍራንክ ተከራዩ። በዓመት! ሾፓን ፓሪስ ሁለት ትምህርት ቢሰጥ ከዚያ በላይ ያገኛል። በኪራይ በኩል እንግዲህ ርካሽ ነው ያሏቸው ሰዎች አልዋሹም።

ግን ለፒያኒስት ፒያኖ ያስፈልገዋል። ፕሌየል ከፓሪስ አንድ አነስተኛ ፒያኖ በመርከብ ልኮለት ነበር። ሾፓን እስኪመጣ ድረስ ከደሴቲቱ በተገኘ ደካማ ፒያኖ እየታገለ ይሠራል። የታዘዘው ዕቃ በዲሴምበር ወደብ ደረሰ፤ ጉምሩክ ያዘው። የጠየቁት ቀረጥ የፒያኖውን ዋጋ የሚፎካከር ነበር። መልሰን እንላከው ቢሉ አይፈቀድም፣ ወደቡ ላይ ይቆይ ቢሉ ክልክል ነው። ሦስት ሳምንት ሲከራከሩ ቆይተው በመጨረሻ፣ ሳንድ እንደጻፈችው፣ 400 ፍራንክ ከፍለው አስለቀቁት።

እስቲ እናስላው። 400 ፍራንክ የገዳሙ በዓት የ11 ዓመት ኪራይ ነው። 24ቱ ፕሪሉዶች በ2,000 ፍራንክ ከተሸጡ አንዱ 83 ፍራንክ ይደርሳል፤ ስለዚህ ጉምሩኩ ብቻውን አምስት ያህል ፕሪሉድ በላ ማለት ነው። ፒያኖው ተራራው ላይ የወጣው በጃንዋሪ ሲሆን ሾፓን የተጠቀመበት አንድ ወር እንኳ አይሞላም።

የቀን ተቀኑም ወጪ እንደታሰበው አልሆነም። ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይስሙ፣ አንዱ የታመመ እንግዶች ናቸውና መንደሩ ፊቱን አዞረባቸው፤ ዕንቁላሉም አትክልቱም ለእነሱ ሲሆን ዋጋው ሌላ ነው። ወተት ለማግኘት ፍየል እስከ መግዛት ደርሰዋል። ሳንድ ቀን ልጆቿን ታስተምራለች፣ ምግቡን ትቆጣጠራለች፣ ሌሊት ለአሳታሚዋ ልብ ወለድ ትጽፋለች። የዚያን ክረምት ወጪ ከተሸከሙት አንዱ የእሷ እንቅልፍ ማጣት ነው፤ ብዙ የሾፓን ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል።

ሙዚቃውስ? አለቀ። በጃንዋሪ 22 ቀን 1839 ሾፓን ፕሪሉዶቹን ጨርሶ ወደ ፓሪስ ላከ። አንዳንዶቹ ግማሽ ገጽ የማይሞሉ ናቸው፤ ዛሬ ስልካችሁ ላይ ብትፈልጓቸው አንዱን ለመስማት ታክሲ ወረፋ ላይ ያለ ጊዜ ይበቃል። ዝናብ እያካፋ የተጻፈ ነው የሚባለውን 15ኛውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሳንድ እንደተረከችው አንድ ቀን ከሞሪስ ጋር ፓልማ ገበያ ወርደው ጎርፍ አግዷቸው እኩለ ሌሊት ሲመለሱ፣ የሞቱ መስሎት እያለቀሰ ፒያኖ ላይ አገኙት።

በፌብሩዋሪ ለመሄድ ሲነሡ የታመመ ሰው በሠረገላዬ አላስቀምጥም የማይል ጠፋ። በተራ ጋሪ ተንገጫግጨው ፓልማ ሲደርሱ ሾፓን ደም ተፋ። መርከቧ ያው ኤል ማዮርኪን ናት፤ ዋና ጭነቷ ደግሞ ለባርሴሎና ገበያ የሚሄድ አሳማ ነበር። ካፒቴኑ ለበሽተኛው የሰጠው አሮጌውን አልጋ ነው፣ ይቃጠላልና። አሳማዎቹ ሌሊቱን ሲጮኹ አደሩ፣ ሾፓንም ደም ሲተፋ። ባርሴሎና ላይ አንድ የፈረንሳይ መርከብ ሐኪም ደሙን አቆመለት። የሆቴሉ ባለቤት ግን ሲሰናበቱ ሒሳቡ ላይ የአልጋውን ዋጋ ጨመረባቸው።

ፒያኖው ከእነሱ ጋር አልሄደም። በአሳማ መርከብ ላይ ከመጫንና ከሌላ ጉምሩክ መሸጥ ይሻላል ብለው ፓልማ ላይ ለካኑት ቤተሰብ ለቀቁላቸው።

ሾፓን ከዚያ ጉዞ በኋላ 10 ዓመት ኖረ። ከሳንድ ጋር ክረምቱን ፓሪስ፣ በጋውን በገጠር ቤቷ እያሳለፈ ከምርጥ ሥራዎቹ ብዙዎቹን ጻፈ፤ በ1847 ተጣልተው ተለያዩ። በ1848 ፓሪስ ላይ አብዮት ሲፈነዳ ከፋይ ተማሪዎቹ ሸሹ፣ ገቢው ደረቀ። ታሞም ገንዘብ ፍለጋ እንግሊዝና ስኮትላንድ ድረስ ተጉዞ፣ ብሶበት ተመለሰ። ኦክቶበር 17 ቀን 1849 ፓሪስ ላይ በ39 ዓመቱ ሞተ። የቀብሩን ወጪ የሸፈነችው ስኮትላንዳዊት ተማሪው ጄን ስተርሊንግ ናት። ልቡ በኑዛዜው መሠረት ወደ ዋርሶ ሄዶ ዛሬም እዚያ በቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ውስጥ አለ።

በፓሪስ ማድሌን ቤተ ክርስቲያን በተደረገው ሥርዓተ ቀብሩ ላይ በኦርጋን ከተጫወቱት መካከል ሁለቱ 4ኛውና 6ኛው ፕሪሉድ ነበሩ፤ ለማዮርካው ጉዞ ቀድመው ከተሸጡት 24ቱ ውስጥ። ቫልዴሞሳ ደግሞ ዛሬ ቱሪስት ወረፋ ይዞ የሚገባበት ቦታ ሆኗል። ሾፓን የኖረው በየትኛው በዓት ነው የሚለው ራሱ የባለቤቶች ክርክር ሆኖ በ2011 ፍርድ ቤት 4ኛው በዓት ነው ብሎ ወስኗል። ያ 400 ፍራንክ የተከፈለበት ፒያኖ እዚያው ቆሟል፤ እሱን ለማየት የሚገባ ሰው በር ላይ ይከፍላል።