ጄምስ ብሩስና ሁለቱ የሆድ መድኃኒቶች

ጄምስ ብሩስ በስኮትላንድ አገር፥ ኪኔርድ በሚባል ርስት፥ በ1723 ዓ.ም. ተወለደ። ይህም በፈረንጆች አቆጣጠር 1730 ነው። ወላጆቹ ባለጸጎች ነበሩ። በወጣትነቱ ሕግ ተማረ። ሚስት አገባ፤ ነገር ግን ሚስቱ ዓመት ሳይሞላት በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ በአልጄርስ ከተማ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ ተሾመ። ልቡ የዓባይን ምንጭ ለማየት ይመኝ ስለ ነበረ፥ ለመንገዱ እንዲረዳው ጥቂት የሕክምና ጥበብ ተማረ።

ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ኢጣሊያዊ ሠዓሊ አስከትሎ በ1762 ዓ.ም. በመስከረም ወር ምጽዋ ደረሰ። በየካቲትም ጎንደር ገባ። በዚያ ዘመን ፈንጣጣ በከተማው ገብቶ፥ እቴጌ ምንትዋብ በሚኖሩበት በቍስቋም ሕፃናት ታመው ነበር። ብሩስ የታመሙበትን ቤት በርና መስኮት አስከፈተ፤ በዕጣንም አሳጠነ። የወይዘሮ አስቴር ልጅም ከበሽታው ዳነ። ስለዚህ እንግዳው በቤተ መንግሥት ሞገስ አገኘ፤ ያጉቤ ተብሎም ተጠራ።

በዚያው ዓመት በጣና ባሕር ምሥራቅ በኩል አልፎ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አየ። ፏፏቴው ዛሬ የባሕር ዳር ከተማ ካለችበት ሥፍራ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ደግሞም ጣናን ቍልቍል በምታሳየው በእንፍራዝ ተቀመጠ። በ1763 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ግሽ ዓባይ ደርሶ የልቡን ምኞት ፈጸመ።

ብሩስ ግን ወንዝ ብቻ አልተመለከተም። የአገሩ ሰው የሚበላውንና የሚጠጣውን፥ በታመመም ጊዜ የሚድንበትን ሁሉ ይጠይቅና ይጽፍ ነበር። ታላቁም ታናሹም በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶ እንደሚጠጣ አየ። ኮሶ በደጋ የሚበቅል ትልቅ ዛፍ ነው፤ አበባው እንደ ዘለላ ይንጠለጠላል። የደረቀውን አበባ በውሃ ወይም በጠላ ዘፍዝፈው በባዶ ሆድ ይጠጡታል። እጅግ መራራ ነው፤ ነገር ግን በሆድ ያለውን ትል ያወጣል። ብሩስ ስለዚህ ዛፍ በመጽሐፉ ጽፎ ለአውሮፓ ሊቃውንት አስታወቀ።

ትሉ የሚኖርበትን ሥፍራ ለማወቅ የምግብን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። እንጀራ በአፍ ገብቶ በጥርስ ይደቅቃል፤ በምራቅም ይርሳል። በጕሮሮ ወርዶ ጨጓራ ይገባል። ጨጓራ በቅል እንደሚናጥ ወተት ምግቡን ይንጣል፤ የሚያመነጨውም ኮምጣጣ ውሃ ምግቡን ያልማል። ከዚያ ምግቡ ወደ ቀጭኑ አንጀት ያልፋል። ይህ አንጀት 6 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በዚያ ከጉበት የሚመጣው ሐሞትና ከቆሽት የሚመጣው ፈሳሽ የምግቡን መፍጨት ይፈጽማሉ። የአንጀቱ ውስጠኛ ገጽ እንደ ከፈይ ለስላሳና ባለ ጭራ ነው። መሬት ዝናብን እንደሚጠጣ፥ እርሱም የምግቡን ፍሬ ጠጥቶ ለደም ይሰጣል። የቀረው ወደ ወፍራሙ አንጀት ይወርዳል፤ በዚያም ውሃው ተመጦ ዝቃጩ ይወጣል።

የኮሶ ትል የሚኖረው በቀጭኑ አንጀት ውስጥ ነው። አፍ የለውም፤ ሆድም የለውም። ሌላው ደክሞ ያዘጋጀውን እንደሚበላ ሰነፍ፥ የተፈጨውን ምግብ በገላው ይመጣል። ርዝመቱም ከ4 እስከ 10 ሜትር ይደርሳል።

በብሩስ ዘመን መድኃኒቱ የታወቀ ነበረ፤ የበሽታው ምክንያት ግን የተሰወረ ነበረ። ሰው ኮሶ ጠጥቶ ይድናል፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ እንደ ገና ይታመማል። ምሥጢሩ የተገለጠው ብሩስ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የትሉ እንቍላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በሣር ላይ ይወድቃል። ከብት ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል፤ ትሉም በከብቱ ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል። ያንን ሥጋ ጥሬውን የበላ ሰው ትሉን ወደ ሆዱ ያስገባል። እንግዲህ ሥጋን አብስሎ የሚበላና በመጸዳጃ ቤት የሚጠቀም ሰው የትሉን መንገድ ይዘጋል።

ብሩስ ወደ አገሩ ሲመለስ በ1764 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ አጠገብ ባለው በራስ ፊል ቆላ የደም ተቅማጥ ያዘው። ይህ በሽታ ወፍራሙን አንጀት ያቈስላል፤ የሰውነትንም ውሃ ያደርቃል። የአገሩ ሰዎች ዋጊኖስ ከሚባል ተክል ሥር የተላጠውን ቅርፊት ፈጭቶ እንዲጠጣ መከሩት። እርሱም ምክራቸውን አልናቀም፤ ጠጥቶም ዳነ። የተክሉን ዘር ወደ እንግሊዝ አገር ወሰደ፤ ሊቃውንትም ተክሉን በስሙ ብሩሲያ ብለው ሰየሙት።

አገሩ ከገባ በኋላ በኢትዮጵያ ሰዎች ጥሬ ሥጋ ሲበሉ እንዳየ ተናገረ። በለንደን ብዙዎች ሐሰተኛ ነው ብለው ዘበቱበት። እርሱም አዝኖ ብዙ ዓመት ዝም አለ፤ በመጨረሻ በ1782 ዓ.ም. ታሪኩን በ5 መጻሕፍት አሳተመ። ስለ ጥሬ ሥጋ የተናገረው እውነት ነበረ። ነገር ግን እርሱም ከበደል ንጹሕ አልነበረም። ብዙዎቹን ሥዕሎች የሣለው በጎንደር የሞተው ባሉጋኒ ሲሆን፥ ብሩስ ክብሩን ለራሱ ወሰደ። ግሽ ዓባይንም ከእርሱ በፊት በ1610 ዓ.ም. ፔድሮ ፓኤዝ አይቶት ሳለ፥ ብሩስ ይህን ሊቀበል አልወደደም። ሰው እንዲያምነው የሚሻ የሌላውን እውነት መካድ አይገባውም።

ብሩስ በ1786 ዓ.ም. አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲወርድ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ በማግሥቱ ሞተ።

ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ ባለጸጋና የተማረ ሲሆን ከቆላ ሰዎች ለመማር አላፈረም፤ በዚህም ነፍሱን አተረፈ። ሁለተኛው፥ መድኃኒትን ማወቅ መልካም ሲሆን የበሽታን ምክንያት ማወቅ ግን ይበልጣል። ኮሶም ዋጊኖስም መጠናቸው ከበዛ ሰውን ይጎዳሉ፤ ስለዚህ ዛሬ የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ይሄዳል። ብልህ ልጅ ግን ሳይታመም እጁን ይታጠባል፤ ንጹሕ ውሃ ይጠጣል፤ ሥጋውን አብስሎ ይበላል። እግዚአብሔር በጥበብ የሠራውን ሆድ መጠበቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው።