ከወፍራም ነዳጅ ቤንዚን ያወጣው ሁድሪ
ለቂርያት መላኪ፣ ለጌዴራና ለያቭኔ ቅርብ በሆነው የአሽዶድ ማጣሪያ ድፍድፍ ነዳጅ ሲፈላ ቤንዚን፣ ላምባና ናፍጣ ተንነው ይወጣሉ፤ ጥቁሩ ወፍራም ከታች ይቀራል። በሸክላ አፈር ረዳትነት ከወፍራም ነዳጅ ጥሩ ቤንዚን የማውጣትን ብልሃት ለፋብሪካ ያበቃው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1892 ፓሪስ አጠገብ ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከታንክ ጦር ጋር ሲዋጋ ቆሰለ። በኋላ የወፍራሙን ነዳጅ እንፋሎት በአፈሩ ላይ ሲያሳልፍ ቤንዚን አገኘ። ነገር ግን አፈሩ ጥላሸት እየለበሰ ሥራ ያቆም ነበር። ሁድሪ ጥላሸቱን በአየር አቃጥሎ ያንኑ አፈር ደጋግሞ ተጠቀመበት።

በ1930 አሜሪካ ገባ፤ በ1937 ትልቁ ፋብሪካው ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሥራ ጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሂትለርን ጦር የተዋጉ አውሮፕላኖች በዚህ ብልሃት በተሠራ ቤንዚን በረሩ። በኋላ የመኪና ጭስ ስላሳሰበው ጭሱን የሚያጠራ መሣሪያ ፈለሰፈ። በ1962 አረፈ።